ከሳክስፎኑ ሥር ያለው አውራ ጣት

(ሙዚቃ፦ «ዘ ገርል ፍሮም ኢፓኔማ» ከመጀመሪያው፤ 40 ሰከንድ ከተሰማ በኋላ ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል።)

ይህን ዜማ ሰምቼው አላውቅም የሚል ካለ፣ ሆቴል ገብቶ ያዘዘው ሻይ እስኪመጣለት ጠብቆ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። አሳንሰር ውስጥ አለ። የጥርስ ሐኪም ጋ ተራ ስንጠብቅ አለ። ስልክ ደውለን «እባክዎ በመስመር ላይ ይጠብቁ» ስንባል ጆሮአችን ላይ የሚንቆረቆረውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ያልታደለው በዚሁ ነው፤ ሁሉም ይሰማዋል፣ የሚያዳምጠው ጥቂት ነው።

ዛሬ ቁጭ ብለን እናዳምጠዋለን። ዜማው የሚገኘው አሜሪካዊው የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ስታን ጌትዝ ከብራዚላዊው ጊታሪስትና ድምፃዊ ከዡዋዎ ዢልቤርቶ ጋር በሠራው አልበም ላይ ነው። ስሙም የሁለቱ ስም ነው፤ «ጌትዝ ዢልቤርቶ»። ከእሱ በፊት ግን ጌትዝ «ጃዝ ሳምባ» የሚባል ሌላ አልበም አለው። እኔ ሁለቱን ለየብቻ ማዳመጥ አልወድም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው የብራዚል ምት ምን እንደሆነ፣ የጃዝ ሰው ሲነካው ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ ፍንትው ብሎ የሚታየው።

(ሙዚቃው ይቆማል።)

መጀመሪያ ምቱን እንያዝ። ሳምባ የአፍሪካ ልጅ ነው። በባርነት ንግድ ዘመን ወደ ብራዚል የተጋዙት አፍሪካውያን ከ4 ሚሊዮን ተኩል በላይ ናቸው፤ ይህን ያህል ሕዝብ የተራገፈበት ሌላ አገር የለም። ከእነሱም እጅግ ብዙዎቹ የተወሰዱት ዛሬ አንጎላና ኮንጎ ከምንላቸው አካባቢዎች ነው። ባርነት በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን፣ ነጻ የወጡት ሰዎችና ልጆቻቸው ከሰሜን ምሥራቋ ከባሂያ ወደ ሪዮ ዴ ጃኔይሮ ሲፈልሱ ከበሮአቸውንም ይዘው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1917 «ፔሎ ቴሌፎኒ» የተባለው ዘፈን በሸክላ ወጣ፤ ብዙ ጊዜ የሳምባ የመጀመሪያው ቅጂ ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው።

የካርኒቫል ሳምባ ሲመታ ሰምታችሁ ከሆነ ከመሬት የሚነሳ የሚመስል ድምፅ አለ። እሱ ሱርዱ የሚባለው ትልቅ ከበሮ ነው። ሳምባ ሁለት ሁለት እየተባለ ይቆጠራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ከባዱ ምት የሚያርፈው ሁለተኛው ላይ ነው። እግር አንዱን ቀለል አድርጎ ያልፈውና ሁለቱ ላይ ይረግጣል። የእኛ ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ስለሆነ ትከሻችን ለዚህ አልተሠራም፤ ስንሞክረው መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ግራ እንጋባለን። ከሱርዱ በላይ ደግሞ ከሳህን የማይበልጥ፣ በቀጭን ዱላ የሚመታ ታምቦሪም የሚባል ትንሽ ከበሮ አለ። ሱርዱ ጊዜውን ሲጠብቅ ታምቦሪም በቁጥሮቹ መካከል ሾልኮ እየገባ ይነካካዋል። አንዱ ዘበኛ፣ ሌላው አጥር ዘላይ ልጅ በሏቸው።

እንግዲህ ዡዋዎ ዢልቤርቶ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ባሂያ ውስጥ ዡዋዜይሮ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ተወለደ። ዘፋኝ ሊሆን ሪዮ ሄዶ አልሆነለትም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራም ገንዘብም አጥቶ ዲያማንቲና በምትባል የተራራ ከተማ እህቱ ቤት ተጠጋ። እዚያ ቀኑን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ዘግቶ ይቀመጥ ነበር፤ ግድግዳው ሴራሚክ ስለሆነ ትንሿን ድምፅ ሳይቀር አጥርቶ ይመልስለታል። አንዱን ኮርድ ይዞ ደግሞ ደጋግሞ፣ ደግሞ ደጋግሞ። ቤተሰቡ ጤናውን ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ይዞት የወጣው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ሱርዱን ለቀኝ እጁ አውራ ጣት ሰጠው። ታምቦሪሙን ለቀሩት ጣቶች ሰጠ። መንገድ የሚሞላው የካርኒቫል ከበሮ በአንድ ሰው አንድ እጅ ላይ ተሰበሰበ፤ ያውም በሹክሹክታ።

እስቲ አብረን እንሞክረው። መኪና የምትነዱ ይቅርባችሁ። ሌሎቻችሁ ሁለት እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና በልባችሁ ከ1 እስከ 16 እኩል እኩል ቁጠሩ፤ 16 ስትደርሱ ሳትቆሙ ወደ 1 ተመለሱ። በግራ እጃችሁ አውራ ጣት 1፣ 5፣ 9 እና 13 ላይ ምቱ። ይህ ዘበኛው ነው፤ ምንም ቢመጣ አይነቃነቅም። እሱ ሲደላደልላችሁ በቀኝ እጃችሁ ጣቶች 1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 14 ላይ ምቱ። ርቀቱን ብትለኩት ሦስት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሦስት ይመጣል።

(ድምፅ፦ በጠረጴዛ ላይ በሁለት እጅ፤ መጀመሪያ ግራው ብቻ 2 ዙር፣ ከዚያ ሁለቱም 4 ዙር።)

ልብ ብላችሁ ከሆነ ሁለቱ እጆች የሚገናኙት 1 ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዙሩ እስኪያልቅ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሳል። ድራመሮች የቦሳ ኖቫ ምት ብለው በዱላቸው የከበሮውን ጠርዝ የሚመቱት ይህንኑ ነው። ዢልቤርቶ በጊታሩ የሚጫወተው ለዚህ ዘመዱ ነው፣ ግን እሱ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ስለሚለዋውጠው ተከትሎ መጻፍ ያደክማል። ካልተሳካላችሁ አትዘኑ። ሰውየው ወራት ፈጅቶበታል።

በዚህ ላይ ይዘፍናል። አዘፋፈኑ እንደ ንግግር ነው፤ ድምፁን አያርገበግብም፣ አይጮህም፣ አፉን ማይክሮፎኑ ላይ አስጠግቶ ለአንድ ሰው የሚናገር ይመስላል። ቃሉን ከምቱ ትንሽ ያስቀድማል፣ ወይ ያዘገያል፤ አውራ ጣቱ ግን እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 «ቼጋ ዴ ሳውዳዲ»ን በሸክላ ሲያወጣ ዜማው የአንቶኒዮ ካርሎስ ዦቢም፣ ግጥሙ የባለቅኔውና ዲፕሎማቱ የቪኒሲዩስ ዴ ሞራይስ ነበር። ስልቱ ቦሳ ኖቫ ተባለ። ቦሳ በሪዮ የአራዳ ቋንቋ ለዛ፣ ተሰጥኦ እንደማለት ነው፤ ኖቫ ደግሞ አዲስ።

ያ ዘመን ለብራዚል የተስፋ ዘመን ነበር። ፕሬዚዳንቱ ዡሴሊኖ ኩቢቼክ ብራዚሊያን ከባዶ ሜዳ አስነስተው እ.ኤ.አ. በ1960 ዋና ከተማ አደረጓት። ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በእኛ ታኅሣሥ 1953፣ የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት የነበሩት እዚያው ብራዚል ነው። ቦሳ ኖቫ በትኩሱ ነበር፤ ጃንሆይ ግን ያን ሰሞን ሙዚቃ የሚያዳምጡበት ልብ አልነበራቸውም።

አሁን ወደ ሳክስፎኑ። ስታን ጌትዝ እ.ኤ.አ. በ1927 ፊላደልፊያ ውስጥ ተወለደ፤ ወላጆቹ ከዩክሬን ምድር የመጡ አይሁዳውያን ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሳክስፎን የያዘው በ13 ዓመቱ ሲሆን በ16 ዓመቱ ከትልቅ ባንድ ጋር ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። አርአያው ሌስተር ያንግ ነው፤ ቴነር ሳክስፎንን ሳያስጮህ የሚያናግረው ሌስተር ያንግ። ጌትዝም ድምፁ እንደዚያ ነው፤ ኖታው ከመምጣቱ በፊት ትንፋሹ ይመጣል። ጓደኞቹ በቀላሉ «ድምፁ» ይሉት ነበር። ሕይወቱ እንደ ድምፁ ለስላሳ አልነበረም። ሄሮይን ያዘው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲያትል ውስጥ መድኃኒት ቤት ሊዘርፍ ሞክሮ ታሰረ። ኋላ ወደ ኮፐንሃገን ሄዶ ኖረ። በ1961 አሜሪካ ሲመለስ ጃዝ ተለውጦ ጠበቀው፤ ሁሉም ስለ ሌላው የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ስለ ጆን ኮልትሬን ነው የሚያወራው።

በዚያው ዓመት ቻርሊ በርድ የሚባል የዋሺንግተን ጊታሪስት በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተልኮ ላቲን አሜሪካን ዞረ። ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ የዢልቤርቶ ሸክላዎች ነበሩ። ለጌትዝ አስደመጠው፤ ጌትዝም ወደደው። እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1962 ዋሺንግተን ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ገብተው፣ ድምፁ ያምራል ተብሎ የተመረጠ አዳራሽ ነው፣ ሰባት ዘፈኖችን በጥቂት ሰዓታት ቀድተው ወጡ። ፕሮዲዩሰሩ ክሪድ ቴይለር፣ ኩባንያው ቨርቭ ነበር።

(ሙዚቃ፦ «ዴሳፊናዱ»፣ ከ«ጃዝ ሳምባ»፤ 50 ሰከንድ።)

ይህ «ዴሳፊናዱ» ነው። ትርጉሙ «ከቅኝት የወጣ» ማለት ነው። የዦቢምና የኒውተን ሜንዶንሳ ሥራ ሲሆን ውስጡ ቀልድ አለበት። ተቺዎች የቦሳ ኖቫ ዘፋኞች ቅኝት አይጠብቁም ይሉ ነበር። ደራሲዎቹ ዜማውን ሆን ብለው ጆሮ በማይጠብቀው ኖታ ላይ አሳረፉት፤ እናም ዘፋኙ ቅኝቱን ጠብቆ ሲዘፍን ከቅኝት የወጣ ይመስላል። በትክክል የሚዘፍነው ሰው ነው የሳተ የሚመስለው። ጌትዝ ግን የሚነፋው ያለ ቃል ነው፤ ቀልዱ ሪዮ ቀረ፣ ዜማው አሜሪካ ገባ።

እዚያው አልበም ላይ ያለው «የአንድ ኖታ ሳምባ»ም የእነዚሁ ሁለት ሰዎች ነው። ዜማው አንዲት ኖታ ላይ ቆሞ ኮርዶቹ ከሥሩ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ። ሰውየው እንደቆመ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ወለሉ ነው።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1963 የቢልቦርድን የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ መራ። ለጃዝ ይህ ብርቅ ነው። ጌትዝም በ«ዴሳፊናዱ» ግራሚ ተሸለመ። ከዚያ በኋላ ያልዘፈነ የለም፤ ኤልቪስ ፕሬስሊ ሳይቀር ስሙ ውስጥ ቦሳ ኖቫ ያለበት ዘፈን አወጣ። እሱን ዛሬ አናስደምጣችሁም።

የእኔን ፍርድ ልስጥ። «ጃዝ ሳምባ» ያማረ አልበም ነው፤ ምቱ ግን ከላይ ተነካ እንጂ ከውስጥ አልተያዘም። አንድም ብራዚላዊ የለበትም። ሁለት ድራመሮች አብረው ይጫወታሉ፣ በርድም የክላሲካል ጊታር ትምህርት ያለው ጣቱ የተፍታታ ሰው ነው፣ ሁሉም ግን ትንሽ ይቸኩላሉ። ታምቦሪሙ አለ፣ አጥር ዘላዩ ልጅ ይሯሯጣል። ዘበኛው ነው የጎደለው።

ዘበኛው የመጣው በዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1962 ኒው ዮርክ ካርኔጊ ሆል ውስጥ የቦሳ ኖቫ ኮንሰርት ተዘጋጅቶ ዢልቤርቶና ዦቢም ወደ አሜሪካ መጡ። መጋቢት 18 እና 19 ቀን 1963 ከጌትዝ ጋር ስቱዲዮ ገቡ። ፒያኖው ላይ ዦቢም፣ ድራሙ ላይ ሚልተን ባናና፣ ቤዙ ላይ ሴባስቲያዎ ኔቶ። ከጌትዝ በቀር ሙዚቀኞቹ በሙሉ ብራዚላውያን ናቸው። በ«ጃዝ ሳምባ» ብራዚል እንግዳ ነበረች፤ እዚህ እንግዳው ጌትዝ ነው።

እንግዳና ባለቤት ደግሞ አልተግባቡም። ዢልቤርቶ እንግሊዝኛ የለውም፣ ጌትዝ ፖርቹጋልኛ የለውም፣ መሐል የቆመው ዦቢም ነው። ዢልቤርቶ በጌትዝ አነፋፍ ተናዶ ይህ ሰው ሞኝ ነው ብለህ ንገርልኝ ሲለው፣ ዦቢም ዞሮ ከአንተ ጋር መቅዳት ምኞቱ ነበር እያለ ወደ ሙገሳ ይመልሰው ነበር ይባላል። ጥሩ ሽማግሌ ወጥቶታል። የጠቡ ምንጭ የሙዚቃ ነው። የዢልቤርቶ ውበት ያለው በዝቅታው ውስጥ ነው፤ ቴነር ሳክስፎን ደግሞ በባሕርዩ ክፍሉን ይሞላል። «ሶ ዳንሱ ሳምባ» ላይ ጌትዝ እንግድነቱን ረስቶ እንደ ልቡ ሲነፋ ትሰሙታላችሁ። ይህን የሚወዱ አሉ፤ እኔ ሳህን ሲሰበር እንደምሰማ ይሰማኛል።

«ዘ ገርል ፍሮም ኢፓኔማ» ላይ ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ሙሉው ከ5 ደቂቃ በላይ ነው። መጀመሪያ ጊታሩና የዢልቤርቶ ማንጎራጎር፣ ከዚያ በፖርቹጋልኛ ይዘፍናል። ቀጥላ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ትቀበለዋለች። ከእሷ በኋላ ነው ሳክስፎኑ የሚገባው። ያን የመሰለ ፈጣን ጣት ያለው ሰው ዜማውን ብዙም ሳይርቅ፣ በጥቂት ኖታ፣ ትንፋሹን እያስቀደመ ይነፋዋል። ጊዜ መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ጊዜውን የዢልቤርቶ አውራ ጣት ይዞለታል። ከዚያ ዦቢም በፒያኖ ጥቂት ነገር ብሎ ዝም ይላል።

ሴትየዋ አስትሩድ ትባላለች። የዢልቤርቶ ሚስት፣ የባሂያ ተወላጅ፣ ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ነበረች። በዘፋኝነት የምትታወቅ አልነበረችም፤ እንግሊዝኛ ግን ትችል ነበር፣ የተፈለገውም እንግሊዝኛ ነው። ድምፅዋ እንደ ባሏ ሜዳ ነው፤ አይርገበገብም፣ አያባብልም። ሐሳቡ የእኔ ነበር የሚሉት ኋላ በዙ።

ዘፈኑ በነጠላ ሸክላ ሲወጣ ለሬዲዮ እንዲመች ከ3 ደቂቃ በታች እንዲሆን ተቆረጠ። የተቆረጠው ደግሞ የዢልቤርቶ የፖርቹጋልኛ ዘፈን ነው። ምቱን የፈጠረው ሰው ድምፁ ወጣ፣ ጣቱ ብቻ ቀረ። ነጠላው የአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ 5ኛ ደረሰ። አልበሙ 2ኛ ላይ ቆመ፤ ከላዩ የተቀመጡት ቢትልሶች ናቸውና አያሳፍርም። እ.ኤ.አ. በ1965 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ አገኘ፤ ከጃዝ አልበሞች ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ነው። አስትሩድ ግን ስሟ በአልበሙ የፊት ሽፋን ላይ የለም፤ ከቀረጻው ያገኘችውም የዕለቱን የስቱዲዮ ክፍያ ብቻ እንደሆነ ተደጋግሞ ተነግሯል።

አልበሙ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1964 ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ሪዮ ጎዳና ላይ ታንክ ወጣ፤ ወታደሮች ሥልጣን ያዙ፣ 21 ዓመትም ቆዩ። ዓለም ስለ ኢፓኔማ ባሕር ዳርዋ ቆንጆ ሲያንጎራጉር የዘፈኑ አገር በሳንሱር ሥር ነበር። የግጥሙ ደራሲ ቪኒሲዩስም ከዲፕሎማትነት ሥራው ተሰናበተ። አሳንሰር ውስጥ ስንሰማው ይህ ትዝ አይለንም።

አንድ ነገር ላጥራ፤ ብዙ አድማጮች ይህና የሙላቱ ላቲን አንድ ናቸው ወይ ብለው ይጠይቁናል። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 እዚያው ኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚሉ ሁለት አልበሞች አውጥቷል። እዚያ ያለው ላቲን ግን የኩባና የፖርቶ ሪኮ ዘር ነው፤ ኮንጋና ቲምባሌ እንጂ ሱርዱና ታምቦሪም አይደለም። ሁለቱም የአፍሪካ የልጅ ልጆች ናቸው፤ አንዱን ባንዱ አትጥሩ።

ጌትዝ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ዦቢም በ1994፣ ዢልቤርቶ በ2019፣ አስትሩድ በ2023 አረፉ። ከውጭ አገር ሪዮ የሚያርፍ መንገደኛ ዛሬ የሚወርደው በዦቢም ስም በተጠራው አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

አሁን ያልተቆረጠውን፣ ሙሉውን እናስደምጣችኋለን። ሳክስፎኑ ሲገባ ጆሮአችሁ ተከትሎት እንዳይሄድ ያዙት። ከሥሩ ጊታሩን ፈልጉ፣ በጊታሩም ውስጥ አውራ ጣቱን። ያገኛችሁት እንደሆነ በጠረጴዛው ላይ አብራችሁት ምቱ። ደህና እደሩ።

(ሙዚቃ፦ «ዘ ገርል ፍሮም ኢፓኔማ»፣ ከ«ጌትዝ ዢልቤርቶ»፤ እስከ መጨረሻው።)